ከቢጫው ካርድ ጀርባ ያለው ሰው

በመሳቢያዬ ውስጥ አንድ ቢጫ ካርድ አለ። ስሜ፣ የፓስፖርት ቁጥሬ፣ የክትባቱ ቀን፣ ፊርማና ክብ ማኅተም ሁሉም በየቦታቸው ሰፍረዋል። ካርዱ በተጠቀሰው ቀን የቢጫ ወባ ክትባት ወስጃለሁ ይላል። እኔ ግን አልወሰድኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ፣ በጋና ዋና ከተማ በአክራ ለሚካሄድ ስብሰባ ተጋበዝኩ። ቪዛው የደረሰልኝ በመጨረሻው ሰዓት ሲሆን፣ ያለ ቢጫ ካርድ ጋና እንደማያስገባ የሰማሁት ደግሞ ልበር ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ፓስፖርቴን ይዞ ሄደና ከሰዓት በኋላ ካርዱን ማኅተም አስመትቶ አመጣልኝ። ቀኑንም ወደ ኋላ ሁለት ሳምንት መልሶታል። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ወንጀል መሆኑን በፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ማርክ ያገኘሁት ሰውዬ፣ ገንዘቡን ከፍዬ፣ አመስግኜ ተቀበልኩ። አክራ ኤርፖርት ላይ ካርዱን የተመለከተው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እኔ ግን ላብ አጥምቆኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ረስቼው ኖሬ፣ ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ደውሎ ለሥራ ወደዚያው ምዕራብ አፍሪካ ሊሄድ መሆኑን ነገረኝና፣ ቢጫ ካርድ ቶሎ የሚያሠራ ሰው እንደማውቅ ጠየቀኝ። ሰው ማወቄን የሰማው ከእኔው ነው፤ በአንድ የቤተሰብ ግብዣ ላይ እንደ ቀልድ አውርቼው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ፣ ከዚህ ካርድ ጀርባ ምን እንዳለ ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት አንድ ሰው ነው። ስሙ ማክስ ታይለር ይባላል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሰውየው ከመሄዴ በፊት ስለ በሽታው ስም አንድ ነገር ልበል። እኛ ‹‹ቢጫ ወባ›› ስለምንለው ብዙዎቻችን የወባ ዓይነት ይመስለናል። አይደለም። ወባ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ፣ ሌሊት በምትናከስ ትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አለው። ቢጫ ወባ ግን የቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረሱን የምታስተላልፈው ሌላ ዘር የሆነች፣ በቀን የምትናከስና በየጓሮው በተጠራቀመ ውኃ፣ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ የምትራባ ትንኝ ናት። በሽታው ሲጠና ጉበትን ያጠቃል፤ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ሕመምተኛው ደም ያስታውከዋል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት መካከል ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ያለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ደግሞ የታይለር ነው።

ማክስ ታይለር እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፕሪቶሪያ ተወለደ። አባቱ አርኖልድ ታይለር ከስዊዘርላንድ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ወጣት ሳለ በአንድ እርሻ ላይ ሲሠራ የገለባ መቁረጫ መኪና ግራ እጁን ቆረጠው፤ በቀረችው አንድ እጁ ግን በአህጉራችን ትልቅ ስም ካላቸው የእንስሳት ምርምር ተቋማት አንዱን፣ ኦንደርስቴፖርትን፣ ለመመሥረት በቅቷል። እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ ይገባበታል። በምኒልክ ዘመን መጀመሪያ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ከብቶቻችንን ጨርሶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገውን ‹‹ክፉ ቀን›› ያመጣው የከብት በሽታ፣ በምፅዋ በኩል ገብቶ ከእኛ በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደርሷል። እዚያ ከተፋለሙት ሐኪሞች አንዱ ባለ አንድ እጁ አርኖልድ ነበር። ልጁ ማክስ ያደገው እንግዲህ ክትባትና ሴረም እንደ እራት ወሬ በሚወራበት ቤት ነው።

የማክስ የትምህርት ነገር ለእኛ አገር ዲግሪ አምላኪዎች ትንሽ ይጎረብጣል። በኬፕታውን ሕክምና ጀምሮ በ1919 ወደ ለንደን ሄደ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በኬፕታውን የተማረበትን ጊዜ አልቆጥርለትም አለው። ስለዚህ የሚፈለጉትን የሐኪምነት ፈተናዎች አልፎ ፈቃድ ቢያገኝም የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ ሳይጨብጥ ቀረ። ከዚያ በኋላም አልፈለገውም። በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሃርቫርድ የትሮፒካል ሕክምና ክፍል ገባ፤ አለቃው አንድሪው ሴላርድስ የሚባል ተመራማሪ ነበር።

በዚያን ጊዜ የቢጫ ወባ ምክንያት ተገኝቷል ተብሎ ዓለም ዐርፎ ነበር። አገኘሁት ያለው ሂዴዮ ኖጉቺ የሚባል፣ በኒውዮርክ የሚሠራ ዝነኛ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ነው። እንደ ኖጉቺ ከሆነ በሽታው የሚመጣው በአንድ ባክቴሪያ ነበር፤ በዚህም መሠረት ክትባት ተዘጋጅቶ ለሰው መሰጠት ጀምሮ ነበር። ገና ሃያዎቹን ያላለፈው ታይለር ከሴላርድስ ጋር ሆኖ በ1926 ይህ ባክቴሪያ ቢጫ ወባን ሳይሆን ሌላ፣ ቢጫ የሚያደርግ ግን የተለየ፣ ከአይጥ ሽንት የሚመጣ በሽታን የሚያስከትለው መሆኑን አሳየ። ማለትም ሰዎች በተሳሳተ ክትባት ተማምነው ይጓዙ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ መሳቢያዬ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይዞራል። በ1927 የሮክፌለር ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች ያኔ ጎልድ ኮስት ይባል በነበረው በዛሬው ጋና አሲቢ ከሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ደም ወስደው ለጦጣ ወጉ። ጦጣው በቢጫ ወባ ሞተ፤ አሲቢ ዳነ። በዚህ መንገድ በሽታው በቫይረስ እንደሚመጣ ታወቀ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከግኝቱ ባለቤቶች አንዱ አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት ሌጎስ ውስጥ በዚሁ በሽታ ሞተ። ኖጉቺ ደግሞ ስለ ባክቴሪያው ያለውን ለማረጋገጥ ራሱ አክራ ድረስ ሄዶ ግንቦት 1928 እዚያው ሞተ፤ የገደለው ሊያጠናው የሄደው ቢጫ ወባ ነው። አስከሬኑን የመረመረው ዊልያም ያንግም በቀናት ልዩነት ተከተለው።

እኔ በሐሰተኛ ካርድ ዘና ብዬ የተመላለስኩባት አክራ ይህች ናት።

የአሲቢን ጉዳይ እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። የሕክምና መጻሕፍት የሚያውቁት በዚህችው አንድ ስሙ ብቻ ነው። ያ ቫይረስ ግን ‹‹የአሲቢ ዝርያ›› ተብሎ ከጦጣ ወደ ጦጣ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ ተላልፎ፣ በኋላ የታይለር ክትባት የተሠራው ከእርሱ ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ ክንዳችን ላይ የምንወጋት ጠብታ የዘር ሐረጓ ቢቆጠር ከአንድ የጋና ሰው ደም ላይ ትደርሳለች። የባለቤትነት መብት ሕግ ያስተማሩኝ መምህር በሕይወት ቢኖሩ ይህን ጉዳይ ለፈተና ያወጡት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወደ ታይለር ልመለስ። ያኔ ምርምሩን የያዘው ዋናው ችግር ጦጣ ነበር። ጦጣ ውድ ነው፤ ከሩቅ ይመጣል፤ ይታመማል፤ ይናከሳል። ታይለር ርካሽ የሆነችውን ነጭ አይጥ ሞከረ። በቆዳዋ ሥር ቢወጋት አልታመመችም። ቫይረሱን በቀጥታ አንጎሏ ውስጥ ቢጨምር ግን ሞተች፤ የሞተችውም በጉበት ሳይሆን በአንጎል ሕመም ነው። ይህንኑ ቫይረስ ከአይጥ ወደ አይጥ ደጋግሞ ሲያሳልፈው ደግሞ ጦጣን የመግደል ኃይሉ እየቀነሰ መጣ። ውጤቱን በ1930 ሲያሳትም ብዙዎች አላመኑትም። በመካከሉ፣ በ1929፣ ራሱ በቤተ ሙከራው ውስጥ በቫይረሱ ተይዞ ታመመ። ተሻለውና ዕድሜ ልኩን ከበሽታው ነፃ ሆነ። ክትባቱን የሠራው ሰው ራሱ ያገኘው መከላከያ ከካርድ ሳይሆን ከበሽታው ነው።

ካልተቀበሉት መካከል የነበረው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ሙከራውን ደግሞ እውነት ሆኖ ቢያገኘው በ1930 ሰውየውን ኒውዮርክ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራው ወሰደው። እዚያ በመጀመሪያ የሠራው አንድ ቀላል ነገር ብዙ ጥቅም ሰጥቷል። የአንድን ሰው ሴረም ከቫይረሱ ጋር ቀላቅሎ አይጥን መውጋት ነው። አይጧ ከዳነች ያ ሰው ቀድሞ ቢጫ ወባ ይዞት ያውቃል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ የቢጫ ወባ ካርታ ተሣለ። ዛሬ አንድ አገር ‹‹አስጊ›› ተብሎ ሌላው የማይባልበት ዝርዝር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የአይጡ ቫይረስ ለክትባት ይሆናል ቢባልም አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል ታይለር አልወደደውም። ፈረንሳዮች ዳካር ላይ ከዚያው ዓይነት ክትባት ሠርተው በምዕራብ አፍሪካ በሚሊዮኖች ላይ ተጠቅመውበታል፤ ሕይወት አድኗል፤ በሕፃናት አንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳትም ተመዝግቧል። ታይለር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የአሲቢን ቫይረስ ወስዶ ከአካል ውጭ በሕብረ ሕዋስ ላይ ማሳደግ ጀመረ። በመጀመሪያ በአይጥ ሽል፣ ቀጥሎ በጫጩት ሽል፣ በመጨረሻም አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ በወጣለት የጫጩት ሽል ላይ አሳደገው። በየጥቂት ቀኑ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። አሥር ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ። በ89ኛውና በ114ኛው ዝውውር መካከል አንድ ነገር ሆነ፦ ቫይረሱ ጦጣን ከበሽታው መጠበቁን ሳይተው፣ የመግደል ጠባዩን ተወ። ይህ መስመር 17ዲ ተባለ። ታይለር ሙከራውን ደግሞ ቢሠራውም ያንን ለውጥ እንደገና ማግኘት አልቻለም። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

በ1937 ከሥራ ባልደረባው ከሂዩ ስሚዝ ጋር ውጤቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት ክትባቱ ብራዚል ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1947 ባለው ጊዜ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ከ28 ሚሊዮን በላይ ክትባት አምርቶ ያለ ክፍያ አድሏል።

ታሪኩ ግን ጠባሳ የለበትም ማለት አይደለም። በ1942 ክትባቱን የወሰዱ የአሜሪካ ወታደሮች በብዛት በጉበት በሽታ ይያዙ ጀመር፤ ወደ 50,000 የሚሆኑት ሆስፒታል ገቡ። ጥፋቱ የታይለር ቫይረስ አልነበረም። ክትባቱ እንዳይበላሽ ተብሎ ይጨመርበት የነበረው የሰው ሴረም በሌላ የጉበት ቫይረስ ተበክሎ ነው። የሚያናድደው ብራዚሎች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው ሴረሙን ቀደም ብለው አስወጥተውት ነበር። አሜሪካኖቹ ያስወጡት ከጉዳቱ በኋላ ነው።

1951 ለእኔ የዚህ ታሪክ ማዕከል ነው። በዚያ ዓመት ታይለር የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ብቻውን ወሰደ፤ በአፍሪካ ምድር ከተወለዱት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። በሽልማቱ ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ጋዜጠኞች ሲጠይቁት አንድ ካርቶን ውስኪ ገዝቶ የሚወደውን የቤዝቦል ቡድን እንደሚያይ መለሰ ይባላል። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገሮች ዓለም አቀፉን የጤና ጥበቃ ደንብ አጸደቁ፤ የቢጫ ወባ የክትባት ምስክር ወረቀትም በደንቡ ውስጥ ቦታ አገኘ። ክትባቱ የሳይንስ፣ ካርዱ የሕግ ልጅ ናቸው። ዛሬ ባለው በ2005ቱ ደንብ ውስጥ እንኳ መንገደኛ ከአንድ አገር ለመግባት ምስክር ወረቀት እንዲያሳይ በስም ተጠቅሶ የሚጠየቅበት በሽታ ቢጫ ወባ ብቻ ነው።

ደንቡ የሚጠብቀው ግን በመጀመሪያ ማንን ነው? እንደ ሕግ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ማንሳት ግድ ይለኛል። ሕንድ ከእኛ አገር የሚሄደውን መንገደኛ ካርድ የምትጠይቀው ለመንገደኛው አስባ አይደለም። ትንኟ አላት፣ ቫይረሱ የላትም፤ እንዳናስገባባት ነው። ቫይረሱ ባለበት አገር ስለሚኖረው ገበሬ ካርዱ አንዳች አይናገርም። ይህን በመራራ መንገድ ያወቅነው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ገብቶ ወደ 100,000 የሚገመት ሰው ታመመ፤ ወደ 30,000 የሚገመት ሞተ። በአፍሪካ ታሪክ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ትልቁ ነው። ልብ በሉ፤ ታይለር ክትባቱን ካወጣ ሃያ ሦስት ዓመት አልፏል፤ ኖቤሉንም ወስዷል፤ ብራዚላዊው ተከትቧል፤ ዲፕሎማቱና አብራሪው ካርድ ይዘዋል። በኦሞ ዳር የነበረው ሰው ግን አልተከተበም። ስንቶቻችን ይህን በትምህርት ቤት ተማርን? እኔ አልተማርኩም። በሽታው ዛሬም ትቶን አልሄደም፤ በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ታይቷል።

አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን ይህ ሁሉ የሩቅ ይመስለናል። እውነት ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ትንኟ ስለማትመቻት በሽታው አይዛመትም። ይሁን እንጂ ከተማችን ውስጥ ሻንጣ የማያነሣ ማን አለ? ዛሬ ቦሌ ተሳፍሮ ማታ ሌጎስ ወይም ኪንሻሳ የሚያድር ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ኢንጂነር ሞልቷል። ለነዚህ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ክትባቱ ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ለሁሉም አይሆንም። ከዘጠኝ ወር በታች ላለ ሕፃን፣ በእንቁላል ከባድ አለርጂ ላለበት፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ በጣም ለተዳከመ አይሰጥም፤ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ማማከር አለባቸው። መከተብ የማይችል ሰው ሐኪሙ በጽሑፍ ምክንያቱን የሚያስረዳበት ሕጋዊ መንገድ አለ፤ ስለዚህ ማጭበርበር አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ካርዱ ለዴንጊና ለችኩንጉኒያ አይሠራም። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ያችው የቀን ትንኝ ስትሆን፣ ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ችኩንጉኒያን አይታለች። ሌሊት አጎበር ውስጥ መተኛት ብቻ አያድንም፤ ቀን ረጅም እጅጌ መልበስና ቆዳ ላይ የትንኝ መከላከያ መቀባት ያስፈልጋል። ወባ ወዳለበት የሚሄድም አጎበሩን አይተው።

ታይለር በ1964 ሮክፌለርን ትቶ ዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ዲግሪ የሌለው ፕሮፌሰር። በ1967 ጡረታ ወጣ። ነሐሴ 11 ቀን 1972 ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ በሰባ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። የሠራው ክትባት ዛሬም በዶሮ እንቁላል ውስጥ፣ ከዚያው ከ17ዲ ዘር ይመረታል። እስካሁን ከ800 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ለሰው ተሰጥቷል።

ለሕግ ሰው የሚያስቅ፣ የሚያሳፍርም አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ ካርዱ የሚያገለግለው ለአሥር ዓመት ነበር። አንዱ ክትባት ዕድሜ ልክ እንደሚጠብቅ ስለታመነበት የዓለም የጤና ጉባኤ በ2014 ደንቡን አሻሻለ፤ ማሻሻያውም ከሐምሌ 11 ቀን 2016 ጀምሮ ጸና። የሚሠራውም ቀድሞ ለተሰጡ ካርዶች ጭምር ነው። እንግዲህ የእኔ የሐሰት ካርድ አሥር ዓመቱ ካለፈ በኋላ እንደገና ተነሥቶ፣ እስክሞት ድረስ የሚጸና ሆነ ማለት ነው።

ያለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ይዤ ለመከተብ ሄድኩ። ነርሷ እርሱን ከጨረሰች በኋላ ወደ እኔ ዞራ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ መሆኔን ነገርኳት። ስለ እንቁላል አለርጂ፣ ስለምወስደው መድኃኒት ጠየቀችኝ። ቀጥላ ከዚህ በፊት ክትባቱን ወስጄ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። አሮጌው ካርድ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ላሳያት ነው ወይስ ላስወግደው፣ ለምን እንደያዝኩት ራሴም አላውቅም። አልወሰድኩም አልኳት። የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ካርዶቻችንን ስትሰጠን ከአሥር ቀን በኋላ እንደሚጸኑ አስታወሰችን። የልጁ በረራ በስምንተኛው ቀን ነበር። ትኬቱን ለማስቀየር የከፈለውን ቅጣት አስልቶ እስከ ታክሲው ድረስ ሲነጫነጭብኝ ሄደ፤ ግማሹን እኔ ከፈልኩ።